የዝናቧ ሴት ሁለተኛ ዓይን

«ሌላኛው ዓይኑ የት ሄደ?» አሉ አዬዮ ኢልዋድ። «በላኸው?»

«አዬዮ፣ በሬው እኮ በጎኑ ነው የቆመው።»

«ይቁማ! በጎኑ የቆመ ሁሉ አንድ ዓይኑን ያጣል እንዴ? እኔም አሁን በጎኔ ቆሜያለሁ።»

«ሁለተኛው በዚያኛው በኩል ነው። አይታይም እንጂ አለ።»

አዬዮ የበሬውን ሥዕል በሁለት ጣታቸው አንስተው ገለበጡት። ጀርባው ነጭ ነው። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አዩት፣ አዘነበሉት፣ ከዚያ ለሠዓሊው ለጋሼ ለተሥላሴ መለሱለት።

«በዚያኛውም በኩል የለም» አሉ።

እኔና ሻሚስ ከውሃ ሮቶው ሥር ተቀምጠን አፋችንን በእጃችን አፍነናል። ሳቃችን ካመለጠን እንደምንባረር እናውቃለን። ሻሚስ የልጅ ልጃቸው ናት፤ እኔም እንደ እሷ አዬዮ፣ አያቴ፣ እላቸዋለሁ፤ ሁለታችንም ዐሥራ አንድ ዓመታችን ነበር። «ዛሬ ክርክሩ እስከ ምሳ ይቆያል» ብላ በጆሮዬ ተነበየች።

«ወራያ ለተ፣ ስማኝ» አሉ አዬዮ። ወንድ ሲጠሩ ሁሉ «ወራያ» ነው የሚሉት፤ የጋሼን ስም ደግሞ ከግማሽ በላይ ጠርተውለት አያውቁም። «ይሄ በሬ መሬትን በቀንዱ ተሸክሟል። ከፊቱ ላሟ ታስራለች። እሷን ስለሚያይ ነው ቀጥ ብሎ የቆመው። ዓይኑን ከእሷ ያነሳ ቀን መሬት ትንቀጠቀጣለች። አሁን አንተ አንዱን ዓይን ወሰድክበት። በቀረው ዝንብ ቢገባበትስ? ጅጅጋ የት ትገባለች?»

ጋሼ ለተሥላሴ ብዕሩን በጨርቅ ጠረገና «እሺ፣ ነገ እንደገና እሠራዋለሁ» አለ።

«ነገ፣ ካልሆነም ከነገ ወዲያ» አሉ አዬዮ፣ ድል እንዳደረገ ሰው ተደስተው። «አትቸኩል።»

ይህ የሆነው በ2011 ዓ.ም.፣ በየካቲት፣ ትምህርት ቤት ለመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ ነው። እኔና እናቴ በአዬዮ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ እኔ አፌን ሳልፈታ ነው የሞተው። እናቴ ቤዛ እዚያው ጅጅጋ አማርኛ ታስተምራለች፤ ዘጠኝ ዓመት ስለኖረች ሶማሊኛዋ ከገበያ አልፎ ተረት ይሰማል። በዚያ ወር በረንዳችን ላይ መጽሐፍ እየተሠራ ነበር። መሬትን ስለተሸከመው በሬ፣ ሰውነቱን በእንጨት አሽቶ ጅብ ስለሚሆነው ሰው፣ ጆሮዋ እስከ ትከሻዋ ስለሚወርደው ሰው በላ ሴት የሚያወሩ የጥንት ተረቶች በሁለት ቋንቋ ታትመው ለተማሪ ሊታደሉ ነው። ደምበል ወረዳ ተወልደው ያደጉት አዬዮ ይተርካሉ፣ እናቴ በአማርኛ ትጽፋለች፣ ከደብረ ማርቆስ ለአንድ ወር የመጣው ጋሼ ለተሥላሴ ደግሞ ይሥላል። ማሃሙድ የሚባል ከትምህርት ቢሮ የተመደበ ሰው በየቀኑ በባጃጅ እየመጣ «ደረሰ?» ይላል።

አልደረሰም። እንዴት ይደርሳል?

የጋሼ ለተሥላሴ ጠረጴዛ በአራት ጀሪካን ላይ የተጋደመ አሮጌ በር ነው። በቁልፍ መግቢያው ቀዳዳ ቀጭኑን ብሩሽ ያቆማል፤ እጀታው በነበረበት ቀዳዳ የውሃ ኩባያውን ያስገባል። በመጀመሪያ በእርሳስ ይነድፋል። ከዚያ ብረት ጫፍ ባለው ብዕር መስመሩን በጥቁር ቀለም ያወጣል፤ ያ ሲደርቅ የውሃ ቀለሙን ያለብሰዋል፤ እሱም ሲደርቅ ከድንበሩ ገበያ ከቶጎ ውጫሌ በመጣ ባለቀለም እርሳስ የጨርቁን ጥለት፣ የግመሉን ፀጉር አንድ በአንድ ይጭራል። ጥቁሩን መስመር ሲያወጣ አይተነፍስም። እኔና ሻሚስም አብረነው ትንፋሻችንን እንይዛለን። መስመሩ ሲያልቅ ሦስታችንም ከውሃ እንደወጣ ሰው «ኡፍፍ!» እንላለን።

የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው። የጅጅጋ ነፋስ እርጥብ ቀለም ካየ አቧራውን ሳያራግፍበት አያልፍም። ማሃሙድ «መምህር፣ ሰማዩ ለምን ቡናማ ሆነ?» ብሎ ሲቆጣ፣ ጋሼ «የአገሩ ሰማይ ራሱ መጥቶ ተቀመጠበት» ይለዋል። የጅቡን ሥዕል ደግሞ ፍየል በላችው። አዬዮ ያቺን ፍየል ጅብ የበላች የመጀመሪያዋ ፍየል ናት እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ሳምንት ሙሉ አስጎበኟት።

ከሁሉም የባሰችው ግመሏ ነበረች። ጋሼ መጀመሪያ አንዲት ሴት ስታልባት ሣለ። አዬዮ ሻሻቸውን ወደ ሰማይ ወረወሩ፦ ግመል የሚያልብ ወንድ ነው፤ ሴት ግመል ስታልብ የት አይተሃል? ሴትየዋን በወንድ ለወጣት፤ ሰውየው ግን እንደ ላም አላቢ ቁጢጥ ብሏል። ይሄም አይሆንም። ግመል ቆመው ነው የሚያልቡት፣ አንዱን እግር አጥፈው በሌላው ጉልበት ላይ አድርገው፣ ዕቃውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው። አዬዮ ራሳቸው በስልሳ ምናምን ዓመታቸው በአንድ እግር ቆመው አሳዩት፤ እናቴ በአንድ በኩል ሻሚስ በሌላ በኩል ደገፏቸው። በሦስተኛው ቀን የግመሏ የባለቤት ምልክት፣ በእሳት የሚተኮሰው፣ በተሳሳተው ጎን ሆነ ተባለ። ያቺ ግመል አራት ጊዜ ተሣለች።

እኔ ያኔ አዬዮ ሥዕሉን የማይወዱት ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ዓይኑ ልመለስ። ጋሼ ለተሥላሴ ሥዕል የተማረው በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከአንድ መሪጌታ ነው። አንድ ቀን ሰው በላዋን ሲሠራ ለምን አንድ ዓይን ብቻ እንደሰጣት ጠየቅሁት።

«መሪጌታዬ ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው» አለኝ። «ጻድቅ ሲሣል ሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ሰይጣንና ከሓዲ በጎን ነው፤ አንድ ዓይን።»

«ለምን?»

«ክፉ ሰው ሙሉ ፊቱን አይሰጥሽም ይሉ ነበር።»

ይህን ነገር እንደ ከረሜላ ይዤው ዞርኩ። ለሻሚስ ነገርኳት፤ ሁለታችንም ሥራ አገኘን። በሥዕሎቹ ላይ ስንቆጥር ልክ ሆነ፦ ሰው በላዋ አንድ፣ ጅቡ አንድ፣ ከሰው በላዋ የምታመልጠው ብልኋ ልጅ ሁለት። ከሥዕሉ ወደ ሰፈሩ ወጣን። ባለሱቁ ስኳር ሲመዝን በጎን ስላየን «አንድ ዓይን!» ተባብለን ሮጥን። የባጃጁ ሾፌር በመስታወት ውስጥ ዞር ብሎ ሁለት ዓይን ስላሳየን ጻድቅ አደረግነው። በሳምንቱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይህንኑ ይጫወት ጀመር። በሬው ላይ አንድ ዓይን ሳገኝም አልገረመኝም፤ መሬትን ያህል ነገር የሚሸከም ሰው ውስጥ ውስጡን ቢከፋው አይፈረድበትም ብዬ አለፍኩት።

ጋሼ ለሥዕሎቹ የሰፈሩን ሰው ፊት ይዋስ ነበር። ብልኋ ልጅ የሻሚስን ፊት ይዛ ተሣለች። ከኋላዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ የምትሮጠው ታናሽ እህቷ እኔ ነኝ። በሌላው ተረት ያለው ሞኙ ሱልጣን የማሃሙድን ሆድ ተሸክሞ ተቀመጠ፤ ማሃሙድ ግን አላወቀውም፣ እንዲያውም «ይሄ ሰውዬ ግርማ ሞገስ አለው» አለ። የሁላችንም ፊት ሲገባ የእናቴ ብቻ የትም የለም። በየቀኑ ሁለት እርምጃ ርቃ፣ በበረንዳው ጫፍ ጎኗን ሰጥታው፣ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ስትጽፍ ትውላለች። መቼ ነው የምትገባው? ምን ሆና?

ሐሙስ ዕለት ማሃሙድ ዐሥራ ሁለቱን ሥዕሎች ቆጥሮ «አልሐምዱሊላህ!» ሲል፣ አዬዮ ግንባራቸውን መቱ።

«አንድ ተረት ትዝ አለኝ።»

«አዬዮ፣ ውሉ ዐሥራ ሁለት ነው የሚለው!»

«ውሉ የእናቴን ተረት ያውቃል? ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ይሄ ከሌለ የቀረውን አልሰጥም።»

«መኪናው ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ማተሚያ ቤቱ አይጠብቅም። መምህርም በዚያው ነው የሚሄደው፣ መቀመጫ ይዤለታለሁ!»

«እስከ ቅዳሜ ሁለት ቀን አለ» አሉ አዬዮ። «ለተ፣ ለሁለት ቀን አትሞትም አይደል?»

«አልሞትም» አለ ጋሼ።

እናቴ አዲስ ገጽ ገለጠች። ፊቷ ቀልቶ ነበር፤ ሥራ ስለተጨመረባት የተናደደች መሰለኝ።

ዛሬ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ይህን ስጽፍ ብቻዬን እስቃለሁ። አዬዮ ኢልዋድ በሕይወታቸው አንድም ነገር የረሱ ሰው አልነበሩም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተከራዩዋቸውን ሰዎች በሙሉ ከነልጆቻቸው ስም ይጠሩ ነበር።

ተረቱም እንዲህ ይጀምራል። በድርቅ ዘመን ሰማይ ላይ አንዲት ደመና ብቻ ቀረች። አንዲት ሴት ማለዳ ተነስታ ሃን የሚባለውን ከዛፍ ሥራሥር የተሠፋ የወተት ዕቃ ከፍታ «ነይ፣ ግቢ» አለቻት። ደመናዋ ገባች። ሴትየዋ ክዳኑን ገጥማ በጠፍር አሰረችው። ሰው ሁሉ ከደጇ ቆሞ ውሃ ብሎ ለመናት። እሷ «ገና ነው» አለች። ልጆች አለቀሱ። «ገና ነው» አለች።

እዚህ ላይ ሲደርሱ ስኳር እንድገዛ ተላክሁ። ስመለስ ተረቱ አልቋል። እኔ የማውቀው እንግዲህ ግማሹን ነው፤ ዝናብ የሰረቀች፣ ልጆችን ያስለቀሰች ሴት።

ዓርብ ረፋድ ላይ ከሮቶው ኋላ ሆኜ እናቴንና ጋሼን ሰማኋቸው። እናቴ ልብስ ታጥባለች፤ እሱ ብሩሹን ለማጠብ መጥቶ ቆሟል።

«ነገ ትሄዳለህ ማለት ነው» አለች።

«ሥራው ካለቀ።»

«አልቋል እኮ።»

«አልቋል» አለ።

እናቴ የያዘችውን ልብስ ጠምዝዛ ጨመቀችና «አንድ ወር ሙሉ እዚህ ስትቀመጥ አንድ ቀን ፊት ለፊት አይተኸኝ ታውቃለህ?» አለችው።

«አልቻልኩም።»

«እንግዲያው ሂዳ!» አለችና ሣፋውን በኃይል አስቀመጠችው፤ አረፋው እኔ ድረስ ተረጨ።

ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይኖራል? እናቴን ይጠላታል። ዓይኗን ማየት እንኳን አልቻለም። ሮጬ ወደ በረንዳው ሄድኩ። አዲሱ ሥዕል በበሩ ላይ፣ አራት ማዕዘኑ በድንጋይ ተይዞ፣ ይደርቃል። ዝናቧን የሰረቀችው ሴት ሃኗን እንደ ሕፃን አቅፋ ተቀምጣለች፤ በጎን፤ በአንድ ዓይን። ፊቷ የእናቴ ነው። ከጆሮዋ ሥር ያለችው ጥቁር ነጥብ አለች። ስትጽፍ ሁልጊዜ ከሻሿ የምታመልጠው ፀጉር፣ በእርሳስ ስድስት ጊዜ ተጭራ፣ አለች። እናቴ እንደዚያ ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እኔ ዓይን ብቻ ነበር የምቆጥረው።

መጽሐፉ እናቴ በምታስተምርበት ክፍል ሁሉ ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎቿ ገጹን ገልጠው እሷን ያዩና ሥዕሉን ያዩና «አንድ ዓይን!» ብለው ይሮጣሉ። ሩጫውን ያስተማርናቸው እኛው ነን።

ሻሚስን ጠራኋት። አዬዮና ማሃሙድ ጁምዓ ሄደዋል፤ ጋሼ ምሳ ሊበላ ወጥቷል፤ እናቴ ልብስ ታሰጣለች።

«ሁለተኛ ዓይን እንሥራላት» አልኳት።

ሻሚስ ሥዕሉን ዞራ ዞራ አየችው። «የት ላይ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። በጎን የቆመ ፊት ላይ ለዓይን የተረፈ ቦታ ጉንጭ ብቻ ነው።

«እዚህ፣ ከጆሮዋ አጠገብ።»

«ዋላሂ ጆሮዋን የምታይ ነው የሚመስለው።»

«ከአንድ ይሻላል።»

ብዕሩን ነከርኩት፣ ጫፉን እንዳየሁት በጠርሙሱ አፍ ጠረግሁት፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ሻሚስም ያዘች። ከላይ ያለውን መስመር አወጣሁ፤ ያምራል! የታችኛውን ስጀምር ሻሚስ በአፍንጫዋ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ብዕሩም የሳቀ መሰለኝ፤ የዓይኑ ጭራ እስከ አንገቷ ወረደ። ያንን ለማካካስ ቅንድብ አወፈርኩ። ቅንድቡን ለማስተካከል ሻሚስ ቡናማ እርሳስ አመጣች። የእሷ ቅንድብ ደግሞ ወደ ላይ ሸሸ፣ ሴትየዋ በጣም የገረማት መሰለች። እዚያው ተንበርክከን እስክንነፈርቅ ሳቅን። ከዚያ የበር ድምፅ ሰማንና ሥዕሉን ከሌሎቹ ዐሥራ ሁለት ሥር ከትተን ተበተንን።

ያ ገጽ ዛሬም አለ፤ ሳሎናችን ውስጥ በመስታወት ታስሮ ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ ከፊቱ ቆሞ ይስቃል። ያሳሰረውም፣ ሚስማሩን ስቶ ጣቱን የመታውም፣ «ትንሽ ወደ ግራ» ስንለው ወደ ቀኝ የሰቀለውም ራሱ ጋሼ ነው።

ቅዳሜ በአምስት ሰዓት ነጭ ፒክአፕ ከግቢው በር ቆመ። የጋሼ ለተሥላሴ ሻንጣ ታስሮ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። ማሃሙድ አዲስ ኮት ለብሶ መጣና ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። አዬዮ በወንበራቸው ላይ፣ እናቴ በበረንዳው ጫፍ፣ እኔና ሻሚስ ከምሰሶው ኋላ ነን። በሬው በሁለት ዓይኑ ላሟን ያያል። ግመሏ በአንድ እግሩ በቆመ ሰው ትታለባለች። ማሃሙድ «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» እያለ ገለጠ፣ ገለጠ፣ ከመጨረሻው ላይ ደረሰ።

ወረቀቱን አራቀው። አቀረበው።

«መምህር» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይቺ ሴትዮ ስንት ዓይን ነው ያላት?»

ጋሼ ለተሥላሴ አየ። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አዬዮ ወረቀቱን ነጥቀው አዩና አንድ ጊዜ ጮኹ፤ ጩኸቱ መሐል ላይ ወደ ሳቅ ተለወጠባቸው። «ያ አላህ! አንዱን ዓይን ሲከለክለኝ ከርሞ ሁለቱንም በአንድ ጉንጭ ላይ አደረገልኝ!»

«በአንድ ሰዓት ውስጥ መኪናው ይወጣል!» አለ ማሃሙድ። «ይሄ ገጽ ይቅር። ዐሥራ ሁለቱን ይዤ እሄዳለሁ።»

የአዬዮ ሳቅ ቆመ። «የእናቴ ተረት ይቅር?» አሉ። ድምፃቸው ሲሰበር ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

እኔ ከምሰሶው ኋላ ወጣሁ። የማልወጣበት መንገድ አልነበረም፤ ጣቴ እስከ አንጓው ጥቁር ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ እያለቀስኩም እየጮህኩም። «እናቴን ክፉ አድርጎ ስለሣላት ነው! አንድ ዓይን ሰጣት! ይጠላታል፣ ትናንት ሰምቻለሁ፣ ፊት ለፊት ማየት አልችልም ብሏታል!»

ሁሉም ወደ ሥዕሉ አዩ፤ ከዚያ፣ እንደ ተባበረ ሰው፣ ወደ እናቴ ዞሩ። ነጥቧ ከጆሮዋ ሥር አለች። ፀጉሯም ከሻሿ አምልጣለች። ማሃሙድ አፉን ከፈተ፣ አዬዮ በክርናቸው ጎሸሙት፣ ዘጋው።

እናቴ ቀና ብላ «እኔ ነኝ?» አለች።

ጋሼ ለተሥላሴ ብሩሹን ከቁልፍ ቀዳዳው ነቀለ፣ መልሶ ሰካው። «የመሪጌታ ሥርዓት አይደለም» አለ፣ ለእኔ የሚመልስ መስሎ። «በጎን የሣልኳት… በጎን ብቻ ስለማያት ነው። ሌላውን ፊቷን አላውቀውም።»

እኔ ይህ መልስ ምን ያህል መልስ እንደሆነ አልገባኝም፤ ሰነፍ ሠዓሊ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። አዬዮ ግን በሁለት እጃቸው ጭናቸውን መቱ።

«አንድ ወር!» አሉ። «አንድ ወር ግመል አስሣልኩህ! በአንድ እግሬ ቆምኩልህ! ስለ በሬው የነገርኩህ ለበሬው ነበር እንዴ? ቤዛ፣ ተነሺ። ወንበርሽን ይዘሽ ነይ፣ ከፊቱ ተቀመጪ። ሻሚስ፣ ሃኑን አምጪላት። ወራያ ለተ፣ ወረቀት! ማሃሙድ፣ ሰዓትህን አውልቀህ ኪስህ ክተት፣ ታስጨንቀናለህ።»

እናቴ መጥታ ተቀመጠች። በመካከላቸው ያለው በሩ ብቻ ነው። ሃኑን አቀፈች፣ ቀና አለች፣ አየችው። እሱም ብዕሩን ያዘና አያት። ብዕሩ ወረቀቱን ሳይነካ ብዙ ቆየ።

«መምህር፣ መሣል!» አለ ማሃሙድ።

«እያየሁ ነው።»

«ተወው» አሉ አዬዮ። «የወር ሥራ ተጠራቅሞበታል።»

እናቴ ሳቀች። እሱም ልክ ስትስቅ ጀመረ። እርሳስ የለም፣ ንድፍ የለም፣ በቀጥታ በጥቁሩ ቀለም። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን፤ የፒክአፑ ሾፌር እንኳን ገብቶ ቆሞ ያዘ። ግንባር፣ አንድ ዓይን፣ «ኡፍፍ»፤ ሁለተኛው ዓይን፣ «ኡፍፍ!» ጥቁሩ ሲደርቅ የውሃ ቀለሙን አለበሰው፤ ያን ጊዜ እብደት ሆነ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው፣ ቀለሙ ደግሞ እንደ ጭቃ እርጥብ ነው። ወር ሙሉ የረገምነው ነፋስ ያን ቀን የት እንደሄደ እንጃ፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ማሃሙድ ኮቱን አውልቆ አራገበ። አዬዮ በሻሻቸው፣ ሾፌሩ በባርኔጣው፣ እኔና ሻሚስ በትሪ አራገብን። ፍየሏ መጣች፤ ሻሚስ በአንድ እጇ ቀንዷን ይዛ በሌላው ማራገቧን ቀጠለች። እናቴ ብቻ እንድትነሣ የነገራት ሰው ስለሌለ ሃኑን አቅፋ ቁጭ ብላለች። ጋሼም ቀለም ከቀባ በኋላ ማየት እንዲያቆም የነገረው የለም።

በእርሳስ ፀጉሯን ጭሮ ሲጨርስ ማሃሙድ ገጹን ነጥቆ ከሌሎቹ ጋር በፖስታ ከተተው፣ ወደ መኪናው ሮጠ፣ ለጋሼ በያዘው የፊት መቀመጫ ላይ አስቀምጦ እንደ ሰው ቀበቶ አሰረለት። «ሂድ፣ ሂድ!» አለ ሾፌሩን፣ ራሱ ከኋላ እየዘለለ። ፒክአፑ አቧራውን አስነሥቶ ወጣ። ሻንጣው ከጠረጴዛው ሥር እንዳለ ነው።

አዬዮ ሻይ በወተት አፈሉ፤ ሻሚስ ሐልዋ ቆረሰች። የሳቅነው ሳቅ አልበርድ ብሎ አንዱ ዝም ሲል ሌላው ይጀምራል። አዬዮ የእኔን ሥዕል ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው «ይቺ ሴትዮ ባሏ ከኋላ ሲመጣም ታየዋለች» እያሉ እንባቸውን ይጠርጋሉ።

«አዬዮ፣ መጨረሻው ምን ሆነ?» አልኳቸው። «ዝናቡን ሰርቃ የት አደረሰችው?»

«ማን ሰረቀ? አንቺ ስኳር ልትገዢ ሄደሽ ነው ሌባ ያደረግሻት።» ሻያቸውን አስቀመጡ። «በድርቁ ጊዜ ሰው ሁሉ ተበትኖ ነበር። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ። ደመናዋ ያን ጊዜ ብትዘንብ ባዶ መሬት ላይ ነው፤ በማግስቱ ፀሐይ ትጠጣዋለች። ሴትየዋ ገና ነው፣ ገና ነው እያለች ጠበቀች። የሄደው ሁሉ ተመልሶ የሰፈረ ዕለት፣ የመጨረሻው ሰው ዕቃውን ከግመሉ ሲያወርድ…»

«ከፈተችው!» አለች ሻሚስ፣ መቶ ጊዜ የሰማችው ቢሆንም።

«ከፈተችው። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ደመናዋ ዕቃ ውስጥ ስትኖር የወተት ሽታ ለምዳ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዝናቡ ወተት ወተት ይል ነበር…»

ጋሼ ለተሥላሴ የብሩሹን ውሃ ሊደፋ ተነሥቶ ከግቢው በር ወጣ። ትንሽ ቆይታ እናቴ ስኒዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ተነሣች፣ ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ትታ፣ ፀጉሯን ወደ ሻሿ እንኳን ሳትመልስ፣ እሷም ወጣች። አዬዮ ቀና ብለው በሩን አዩና ተረታቸውን አላቋረጡም፤ ፍየሎቹ የወተት ዝናቡን ጠጥተው እንዴት እንደሰከሩ፣ በአንድ እግራቸው ቆመው እያሳዩን ነበር።

የእናቴ ወንበር ጥላው ላይ ስለነበር፣ ሄጄ ተቀመጥሁበት።